ቼሎው እኛ ቤት የከረመበት በጋ

ዛሬ ሪያድ ዑለያ ሰፈር ካለው ቢሮዬ ስወጣ፣ ከጥበቃው ክፍል መስኮት የሚነፍስ ሰሐራዊ መካይፍ የእርጥብ ገለባ ሽታውን ፊቴ ላይ ለቀቀብኝ። ታውቂዋለሽ አይደል እህቴ፣ ያን በውሃና በገለባ ቤት የሚያቀዘቅዝ አሮጌ ማሽን? ሰው የፈለገውን ይበል ብዬ ቆሜ አሸተትኩት።

ያ ሽታ ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት የከረመውን ቼሎ፣ ያን ትልቅ ቫዮሊን፣ ያመጣብኛል። የቼሎው ባለቤት፣ አባቴ በሹፌርነት ያገለግላት የነበረች ኢራቃዊት ዶክተር ነበረች። አባቷ ከፕራግ ገዝቶ ባግዳድ አመጣላት፤ ጦርነት ሲመጣ ቼሎው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በጭነት መኪና በረሃውን አቋርጦ አማን ገባ፤ ከዚያ ሪያድ። "ከልጄ በላይ አገር ያየ እሱ ነው" ትል ነበር።

ታማ ለሕክምና ልጇ ወዳለበት አገር ስትሄድ ግን ልትወስደው አልቻለችም። የተዘጋ ቤት በሪያድ ሙቀት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ ኤሲ ደግሞ አየሩን ያደርቃል። የእኛ የድሃ ሰሐራዊ ግን እርጥበት ይተፋል! "እስክመለስ አንተ ጋ ይክረም፣ አደራ እንዳይሰነጠቅብኝ" አለችው ለአባቴ።

ባዲዓ ሰፈር ያለው ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ ሰሐራዊው ያለው አንዱ ውስጥ ብቻ። አባቴ ቼሎውን ከሽፋኑ አውጥቶ ከፍራሻችን አጠገብ ጥግ አስያዘው። ቀለሙ ማር የመሰለ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ነበር።

አንድ ማለዳ አባቴ በዚያ ወፍራም ድምፁ "ያላ፣ ለሶላት ተነሱ!" ሲል ጥጉ መለሰለት። ረጅምና ዝቅ ያለ ድምፅ፣ በወለሉ መጥቶ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። ማንም አልነካውም እኮ! እናቴ ጮኸች፤ "አዑዙ ቢላህ! ጂን አለበት። ኸላስ፣ ዛሬውኑ ይውጣልኝ!"

የት ይውጣ? ሌላው ክፍል እኮ እሳት ነው። አባቴ ግራ ገብቶት ዶክተሯ ጋ ደወለ። ሳቋ በስልኩ እስከ እኔ ተሰማ። "ጂን አይደለም። ገመዶቹ በሰው ድምፅ ውስጥ የራሳቸውን ድምፅ ሲያገኙ ይነቃሉ። ያንተን ወደውታል ማለት ነው።"

እናቴ አላመነችም። ከሰዓት በኋላ ግን ልብስ እያጣጠፈች፣ የወሎ መንዙማዋን ወደ ጥጉ ዞራ ስታንጎራጉር ያዝኳት። መለሰላት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ "ሱብሓነላህ" ብቻ አለች። ይውጣ የሚል ነገር ዳግም አልተነሳም። በዚያ በጋ ቤታችን ውስጥ የሚቆጣ ሰው ጠፋ፤ የሚሰማ እያለ ማን ይጮሃል!

ዶክተሯ አልተመለሰችም። በበጋው መጨረሻ ልጇ ብቻውን መጣና ማረፏን ነገረን። ቼሎውን አገላብጦ አየው፤ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ሊሸፍነው ሲል ቆም አለና አባቴን ቀና ብሎ አየው።

"ዐሚ" አለው፣ አጎቴ እንደ ማለት፤ "እናቴ እስከ መጨረሻዋ ስለ ድምፅዎ ስታወራ ነበር። እስቲ አንድ ነገር ይበሉት፣ እኔም ልስማው።"

እናቴ ሰሐራዊውን አጠፋች። አባቴ፣ ያ ባጥሐ ገበያ መሃል ሲጣራ ሰው ሁሉ የሚዞርለት ሰውዬ፣ አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣውም። ደግሞ ሞከረ። አሁንም እምቢ አለው።

የዶክተሯ ልጅ ጎንበስ ብሎ ቼሎውን ከተተና ሽፋኑን ዘጋ። አባቴ ማንም እንዲያግዘው አልፈቀደም፤ ቼሎውን ብቻውን አቅፎ ደረጃውን ወረደ።