ማሂያን አፍ አውጥቶ መጠየቅ

ካርቱም ስገባ መጀመሪያ የለመድኩት የክፍያ ቃል ዮሚያ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ውሎውን ሲጨርስ የሚቀበለው። ዮሚያ ዓይን አውጣ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እጅህን ትዘረጋለህ፣ አለቀ። ማሂያ ግን የወር ደሞዝ ነውና ክብር አለው። ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ጫማ ስሸጥ ግማሹ ደንበኛዬ የሚምለው በማሂያ ነበር። «ማሂያ ስቀበል፣ ኢንሻላህ!» ይልና ጫማውን አጥልቆ ይሄዳል። እኔ ጋ የሚቀረው ኢንሻላሁ ነው።

ታናሽ እህቴ አርካዊት፣ መካ ደርሳ የመጣች አንዲት ሐጃ ቤት በተመላላሽ ሠራተኛነት ተቀጠረች። ሦስት ወር ሞላት፤ ማሂያ የለም።

«ጠየቅሻት?»

«ምን ብዬ? ትልቅ ሰው ናት፣ አውቃ ትስጠኝ እንጂ።»

«ትልቅ ሰው ገንዘብ አይበላም ያለሽ ማነው?»

የእናታችን የዓይን ሕክምና የሚጠብቀው ያንን ገንዘብ ነበር። ለቀጠሮዋ አንድ ሳምንት ቀርቷል። ዓርብ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ እህቴን ይዣት ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ዓረብኛዬን ስስል ነበር፤ ልናገር ባዘጋጀሁት ውስጥ ፖሊስም አለበት፣ ፈጣሪም አለበት።

ሐጃዋ በደስታ ተቀበለችን። ሻይ መጣ። ሻዩን አመሰገንኩ። የልጆቿን ደህንነት ጠየቅሁ። የግድግዳውን ቀለም አደነቅሁ። ለአንድ ጥንድ ካልሲ ገበያ የማናውጥ ሰውዬ፣ ማሂያ የምትለዋን ቃል በሻይ አወራረድኳት። ለካ ይሉኝታው የቤተሰብ ነው።

ሁለተኛውን ብርጭቆ ስጨርስ የእህቴ ትዕግሥት አለቀ። ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ በዓረብኛ፣ «ሐጃ፣ ማሂያዬን ስጪኝ» አለች።

ሐጃዋ ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ሦስት ቋጠሮ ያለበት ጨርቅ ይዛለች፤ በየወሩ አንድ ቋጠሮ።

«ወር በሞላ ቁጥር ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስጠብቅ! ዝም ስትይ አማና አስቀምጪልኝ ያልሽ መሰለኝ። እዚህ አገር የሠራ ሰው ይጠይቃል፣ ልጄ። ያልጠየቀ አስቀምጡልኝ ማለቱ ነው።»

ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ፣ በምን ጉዳይ መጣህ?»

«ለሻይ ነው፣ ሐጃ» አልኩ።

ስንመለስ የሁለታችንንም ታሪፍ እህቴ ከፈለች፤ አልተከራከርኳትም። የዓባይን ድልድይ ሳንሻገር ቋጠሮዋን አቅፋ እንቅልፍ ወሰዳት። የእኔ ዓረብኛ እንደተሳለ ቀረ።