የጎሚስታው ጆሮ

እኔ መጻፍ ብዙም አልሆንልኝም፤ ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው። ስለ እህቴ ባል ግን ልጻፍ። ጥፋቱም ትንሽ የእኔ ነው መሰለኝ።

እሱ ጎሚስታ ነው፤ አብረን ጎማ እንጠግናለን። እኛ ቀዳዳ ለማግኘት የተነፋ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክረን አረፋ እናያለን። እሱ ግን ጆሮውን አስጠግቶ «እዚህ ጋ ነው» ይልና በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል። ስቶ አያውቅም። በዚህ የተነሳ ስሙ ቀርቶ «ጋሽ ጆሮ» ሆነ።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ጎማ ሲነፋ ቀኝ ጆሮው ስር ፈነዳ። ግራው ዱሮም ደካማ ነው። ከዚያ ወዲያ ጆሮው እያፏጨበት ደህናውን ጎማ ሁሉ በጠመኔ ዥጉርጉር አደረገው። አለቃችን «ሁለት ወር እሰጥሃለሁ፤ ካልሰማህ መኪና ታጥባለህ» አሉት። እሱ ሌላ ደህና ጎማ ላይ ምልክት አደረገ። ምናልባትም አልሰማቸውም።

እኛም መከርን። አፍንጫውን ይዞ ሲተነፍስ በጆሮው «ፊስ» ይላል። እኔ፣ ምን ልበል፣ «ጋሼ፣ ቀዳዳ ከሆነ እኮ ውሃ ይለየዋል» አልኩ። ሳፋውንም ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጆሮውን ነከርነው። ተነፈሰ፤ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። አጨበጨብን! አንዱ ማስቲሽ ሊያመጣ ሲሮጥ እህቴ ደረሰች።

«እናንተ! የእሱ የተቀደደው ጆሮው ነው፤ የእናንተ ጭንቅላታችሁ ነው!»

ጆሮው መግል ያዘ፤ ሐኪም ቤት ወሰድነው። ሐኪሟ አከመችውና ተቆጣች።

«ጆሮ ውስጥ ታምቡር የሚባል ስስ ቆዳ አለ። ድምፅ ሲመታው ይርገበገባል፤ ከኋላው ያሉት ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ያንን ተቀብለው ወደ ውስጥ ያደርሳሉ። ያንተ ተቀዷል።»

«ይለጠፋል?» አለ ጋሼ።

«ይለጠፋል። ከጆሮህ ኋላ ስስ ሽፋን ወስደን።»

«ከራሱ ጎማ!» አለ ተደንቆ። «በስንት ሰዓት ይደርቃል?»

«ሳምንታት ይፈጃል። ውሃ እንዳይነካው። በኃይልም እንዳትናፈጥ።»

«ሳይደርቅ አይነፋም ማለቷ ነው» አለኝ ዞሮ። እኔም ያኔ ገባኝ።

ተለጠፈለት። ሁለት ወሩ ሲሞላ አለቃችን አንድ ጎማ አስቀመጡና «በል፣ ቀዳዳውን አሳየኝ» አሉት። ጆሮውን አስጠጋ። አንዴ ዞረው፤ ደግሞ ዞረው። ጠመኔው እጁ ላይ ቀረ። ለእህቴ ምን ብዬ እነግራታለሁ?

«ይሄ ጎማ ደህና ነው» አለ።

እውነትም ደህና ነበር፤ ሊፈትኑት ብለው ነው። እሳቸው ግን ቶሎ አልለቀቁትም።

«እርግጠኛ ነህ? የሚያፏጭ ነገር አይሰማህም?»

«ይሰማኛል።» አፈር አለ። «እሱ ግን ከእርስዎ ነው ጌታዬ። ከግራ አፍንጫዎ።»

አለቃችን አፍንጫቸውን ያዙ። ፉጨቱ ቆመ። ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

«ሥራህን ቀጥል» አሉትና ወጡ፣ በአፋቸው እየተነፈሱ።