በደጃፍ የተተከለ ዘንግ

ዋሴ እንግሊዝኛ የተማረው ገዳሪፍ ላይ ሳህን እያጠበ ነው። በጣልያን ጊዜ በመተማ አድርጎ ሱዳን ተሰደደ፤ አምስት ዓመት እዚያ ሠራ፤ መጨረሻውን በእንግሊዝ ጦር ወጥ ቤት አሳለፈ። በ1934 ዓ.ም. ጎንደር ነጻ ስትወጣ ከጦሩ ኋላ ተከትሎ ገባ። ያኔ በከተማው ፈረንጅ የሚለውን ሰምቶ መልስ መስጠት የሚችል ሰው በጣት ይቆጠር ነበር። ሳህን አጣቢው የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆነ። ኮት ገዛ። ቦርሳ ያዘ።

በችሎቱ ሁለት አበሻ ዳኞችና አንድ እንግሊዛዊ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። እንግሊዛዊው አማርኛ አያውቅም። በመካከላቸው ያለው ዋሴ ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው ጥንቁቅ ሰው ነበር። ገና በመጀመሪያው ወር ዋሴን ቢሮው አስጠራው።

"ሁሉንም 'አዘዘ' እያልህ ትተረጉምልኛለህ" አለው። "ሰው በሰው ላይ ያለው ኃይል አንድ ዓይነት አይደለም። ቃሉን ካሳሳትኸኝ ያልበደለውን አስራለሁ።"

ቃላቱን በወረቀት ጻፈለት። ዋሴ ወደ ደብተሩ ገለበጣቸውና ትርጉማቸውን በራሱ መንገድ አሰፈረ።

ኦቶሪቲ፦ እምቢ ብትል ትከሰሳለህ።
ኮማንድ፦ እምቢ ብትል ትመታለህ።
ኢንፍሉዌንስ፦ እምቢ ብትል ይቀየሙሃል። ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚያገኝህ አይታወቅም።
አድቫይስ፦ እምቢ ብትል ምንም።

ይህን በእንግሊዝኛ መልሶ ሲያነብለት ዳኛው ሳቀ። "ከመዝገበ ቃላቱ ይሻላል" አለ። ዋሴ ያቺን ምስጋና ጠላ ቤት ለጠላ ቤት ሲያወራት ኖረ። ሰዎች ሰለቻቸው። "የፈረንጁ ምላስ መጣ፣ ቦታ ልቀቁለት!" ይሉት ጀመር። እሱ ግን ስሙን ወደደው።

በ1938 ዓ.ም. ጥር ላይ ማሩ የሚባል የኮሶዬ ገበሬ ታስሮ መጣ። ውዱ የሚባል ሰው ቤት በእሳት ለኩሷል። ውዱ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ አልወጣም። ማሩ አልካደም። ከውዱ ጋር ግን ጠብ አልነበረውም፤ ውዱ የማሩን ልጅ ክርስትና ያነሣ አበልጁ ነው። ውዱ ጠብ የነበረው ከኮሶዬው ባላባት ከግራዝማች ተክለ ጊዮርጊስ ጋር ነበር፤ በርስት ሲሟገታቸው ሁለት ዓመቱ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ በአንድ ነገር ላይ ቆመ። ማሩ በገዛ ፈቃዱ አድርጎት ከሆነ ይሰቀላል። ተገዶ ከሆነ ይታሰራል፤ ገመዱም ወደ ግራዝማች ይዞራል።

ግራዝማች በኮሶዬ ማንንም አዘው አያውቁም። የሚፈልጉትን በሰንበቴ ላይ፣ ጠላ ተይዞ፣ ለሁሉም ይናገራሉ። "ውዱ በዚያ ቤት አይከርምም" ብለው ነበር። ማን እንደሚያደርገው የሚለየው ዘንጋቸው ነው። አዘዘ የሚባለው አሽከራቸው ጫፉ ብረት የለበሰውን ዘንግ ይዞ ይሄድና ካንዱ ሰው ደጃፍ ይተክለዋል። አንድ ቃል አይናገርም። ሥራው ሲያልቅ መጥቶ ይነቅለዋል። አንድ ጊዜ ስማቸው የሚባል ሰው ዘንጉን ነቅሎ መለሰላቸው። በማግሥቱ በሬዎቹ ቋንጃቸው ተቆርጦ ተገኙ። በሳምንቱ ስማቸው ራሱ ገደል ሥር ተገኘ።

ክሱ ሊሰማ ሦስት ቀን ሲቀረው የዋሴ እናት እማሆይ ሐረገወይን የጭነት ማኪና ላይ ተሳፍረው ከኮሶዬ ጎንደር ወረዱ።

"ምነው እምዬ፣ በደኅና?"

"ደኅና ነኝ። ዘንጉ ቆሟል።"

"የት?"

"የት ይቆማል? ደጄ ላይ ነዋ! ፍየሏን ላስርበት አሰብሁና ፈራሁ።"

"በሰንበቴው ምን አሉ?"

"'ማሩ ዘንድሮ ፋሲካን አይፈስክም' አሉ። ጠላቸውን ጠጡ። በማግሥቱ ዘንጉ እኔ ደጅ መጣ። እኔ አሮጊቷ ማሩን ምን ላደርገው ብዬ ሳስብ ዋልሁ። ማታ ገባኝ። ለካ ልጅ አለኝ።"

"እምቢ ብልስ?"

"የስማቸውን በሬዎች አይተሃል። እኔ በሬ የለኝም፣ ልጄ። የሚጀምሩት ከኔው ነው።"

እንጀራ በልተው ተመለሱ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ከሸዋ ከመጡት ዳኞች አንዱ ያንቀላፋል። ሌላው ባለፈው እሑድ ግራዝማች ቤት ጠጅ ጠጥቶ መጥቷል፤ ጣራ ጣራውን ያያል። ጠያቂው እንግሊዛዊው ነው።

"ግራዝማች ምን አሉህ?"

"ምንም አላሉኝ" አለ ማሩ።

"ታዲያ ማን አስገደደህ?"

"ዘንጉ ደጄ ቆመ።"

ማሩ ይህን ብሎ ነገሩን የጨረሰ መሰለው። ለኮሶዬ ሰው ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ዋሴ ቃል በቃል ተረጎመ። በደጁ ዘንግ ቆሞ ነበር ይላል፣ አለ። እንግሊዛዊው ጻፈና ብዕሩን አስቀመጠ። ማሩን ሳይሆን ዋሴን አየ።

"ይህ ዘንግ ምንድን ነው? ከደብተርህ ቃላት የትኛው ነው?"

ዋሴ ቃሉን ያውቀዋል። በደብተሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። ቀና ሲል ግራዝማች ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። እጃቸው ባዶ ነው። ዘንጋቸው ሌላ ቦታ ነበር።

"የትኛውም አይደለም፣ ጌታዬ" አለ ዋሴ በእንግሊዝኛ። "መደገፊያ በትር ነው። በአገራችን ሽማግሌዎች ጎረቤት ደጃፍ ረስተውት ይሄዳሉ።"

ዋሴ ይህን ሲናገር ማሩ አፍ አፉን እያየ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ነገሩ በደንብ እየተነገረለት ነው።

ከቀትር በኋላ እንግሊዛዊው ፍርዱን በቋንቋው አነበበ። ዋሴ ወደ ማሩ ዞሮ "በስቅላት ይቀጣ ተብሏል" አለው። በዚህኛው ላይ አልተሳሳተም።

በረንዳው ላይ ፖሊሱ ማሩን ይዞ ሲወጣ ማሩ ቆመ።

"አያ ዋሴ፣ የዘንጉን ነገር ነገርህልኝ?"

"ነገርሁልህ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"እንግዲህ ፈረንጁ ጨካኝ ነው። አንተ ምን ታደርግ! እግዜር ይስጥህ። ሚስቴ አበቡ ስትመጣ ንገራት፤ ሸጋ አድርጌ ተናግሬለታለሁ በላት። ሰው አጣ ብላ እንዳታዝን።"

"ና እንጂ!" አለ ፖሊሱ። "ገመዱ ቀጠሮ አይሰጥህም።"

ግራዝማች ከኋላ ወጡ። ዋሴ አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉ።

"እንግሊዝኛ ሸጋ ቋንቋ ነው" አሉት። "አጭር ነው።"

የማሩ ሚስት አበቡ በሳምንቱ ስንቅ ይዛ መጣች። ዋሴ አደራውን አደረሰ። አበቡ ጉልበቱን ሳመች።

ፍርዱ አዲስ አበባ ሄዶ ጸድቆ እስኪመለስ ሁለት ወር ፈጀ። ማሩ በሆሣዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተሰቀለ። ፋሲካን አልፈሰከም።

ዋሴ ለፋሲካ ግማሽ በግ አሸክሞ ኮሶዬ ወጣ። እናቱ ደጃፍ ሲደርስ ዘንጉ እንደቆመ ነው። ፍየሏ ታስራበታለች። አዘዘ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል።

"ምነው አልነቀልኸውም? ሥራው አለቀ እኮ!"

"የማሩን በማግሥቱ ነቅዬዋለሁ" አለ አዘዘ። "ያንተን ግን ጌታዬ ይቁም አሉ።"

"እስከ መቼ?"

እማሆይ ሐረገወይን ከቤት ወጡና ሥጋውን ተቀበሉ።

"አበቡ ግራዝማችን ከስሳለች" አሉ። "'ባሌን ያስገደሉት እሳቸው ናቸው' ብላ፣ ለዚያው ፈረንጅ። አንተ እንድታስተረጉምላት ለምናለች አሉ። 'ለባሌ ሸጋ አድርጎ ተናግሮለታል፣ ከሱ ሌላ አልፈልግም' ብላለች።"

"በሰንበቴውስ ስሟን አነሡት?"

"ዛሬ ጠዋት።"

ዋሴ ሥጋውን በላ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሰኞ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ ችሎት ገባ። አበቡ ፊት ለፊት ቆማ ነበር። ስታየው ፈገግ አለች።