የኅዳር ጽዮን ዕለት ዶሮዎቼን እንዴት እንደለቀቅሁ

ዶሮ ተዘግቶበት ያድጋል ብዬ የጀመርሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በማንም አላመካኝም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቱ አልሞላ ብሎኝ ደብረ ማርቆስ ዳር ካለው ቤታችን የዋልሁበት ዓመት ነበር። ቤት መዋል ደግሞ አልችልበትም። እግሬ ዝም ሲል አፌ ይጀምራል። እናቴ ጥቂት ወራት ታገሠችና "እጅሽን የሚይዝ ነገር ፈልጊ፤ አለዚያ በምላስሽ ከሰፈሩ ጋር ታጣይናለሽ" አለችኝ። በግንቦት ወር የፈረንጅ ዶሮ ገዛሁ፣ አሥራ ሁለት፤ ገና ጫጩትነታቸውን ያልጨረሱ፣ እግራቸው ከአካላቸው የቀደመ፣ ሲያዩአቸው የሚያስቁ። ከጓሮው ጥግ በአሮጌ ቆርቆሮና በባሕር ዛፍ እንጨት ቤት ሠራሁላቸው። ሚስማር ስመታ አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ቀጠቀጥሁት። የሸጠልኝ ሰውዬ "እነዚህ እንደ ሀበሻ ዶሮ ብልጠት የላቸውም፤ ከለቀቅሻቸው አለቁልሽ" ስላለኝ፣ በሩን ዘግቼ ፉርሽካና ውኃ እያቀረብሁ አሳደግኋቸው።

የሰውዬው ምክር እስከ ጥቅምት ሠራ። እንቁላል ጣሉ፤ እኔም በሰፈሩ ደረቴን ነፍቼ ሄድሁ። ከዚያ አንዷ የሌላዋን ላባ መንቀል ጀመረች።

መጀመሪያ ጅራት ላይ ነበር፤ በሳምንቱ ጀርባ ላይ ደረሱ። ጠዋት በሩን ስከፍት ግማሾቹ ለወጥ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ቆዳቸው ቀልቷል፣ ቂጣቸው ተራቁቷል፣ ዓይናቸው ግን አሁንም የጓደኛቸው ላባ ላይ ነው። ፉርሽካ ጨመርሁ። ጎመን አንጠለጠልሁላቸው። ጎመኑን በልተው ወደ ላባቸው ተመለሱ። ነገሩ ገባኝ፤ ሥራ ፈትተዋል። ሥራ የፈታ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ለእኔ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልግም።

"ልልቀቃቸው" አልኋት እናቴን።

"አታስቢው።"

አታስቢው ያለችበት ምክንያት ነበራት። አጥር ለአጥር የምንዋሰነው ከክርስትና እናቴ ጋር ነው፤ እማማ ነው የምላቸው። እማማ በጠላ እጃቸው የታወቁ ናቸው፤ ድግስ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚያማክረው እሳቸውን ነው። ብቅላቸውን የሚያሰጡት ደግሞ ፀሐይ በደንብ ከሚመታው ከእኛ አጥር ሥር፣ ሰሌን ዘርግተው ነው። በጥቅምት ውኃ ሳስገባ አንዷ ዶሮ በእግሮቼ መሀል ሾልካ፣ አጥሩን ዘልላ ሰሌኑ መሀል አረፈች። በልታ ብትመለስ ደግ ነበር። እሷ ግን በሁለት እግሯ እየጫረች ግማሹን ብቅል ጭቃው ላይ በተነችው።

"ኧረ የሰው ያለህ!" ሲሉ ሰማሁ። "አንቺ ልጅ! ዶሮሽ ብቅሌ ላይ እስክስታ ወረደችልኝ!"

"እርስዎስ ከፍ አድርገው ቢያሰጡት ምን ነበረበት?"

ይቅርታ ልጠይቅ ነበር አፌን የከፈትሁት፤ የወጣው ግን ይህ ሆነ። እማማ ለእኔ መልስ አልሰጡም፤ ወደ እናቴ ነው የጮኹት። "ይችን ልጅ ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ምላስ ታበቅላለች ብሎ ግን ማንም አልነገረኝም!"

እናቴ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ሮጣ ወጣች። "በእመቤቴ እምላለሁ እትዬ፣ ሁለተኛ አንዲት ዶሮ ይህን አጥር አታልፍም!" ብላ ማለች። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሁለቱ በአንድ የማርያም ማኅበር ጽዋ ሲጠጡ የኖሩ ናቸው። በስሟ ከተማለ በኋላ ምን ይባላል? በሩ ላይ ሁለተኛ መቀርቀሪያ ጨመርሁ።

ኅዳር ሲገባ ለጤፍ አጨዳ አምበር በሚባለው ገጠር አክስቴ ዘንድ ወረድሁ። አክስቴ ዶሮ አትዘጋም። ጠዋት ይወጣሉ፣ አውድማው ዳር ሲጭሩ ይውላሉ፣ ሲመሽ ማንም ሳይጠራቸው ተሰልፈው ይገባሉ። ላባቸው ያብረቀርቃል። አንዷም ራቁቷን አልነበረችም።

"ጭልፊትስ?" አልኋት።

"ይወስዳል። አንዳንዴ ይወስዳል። አንቺስ አስፋልት ስትሻገሪ መኪና የለም?"

ይህን ይዤ ተመለስሁና ለእናቴ ነገርኋት። አልተደነቀችም። "የአክስትሽ ጎረቤት ከወንዝ ማዶ ነው፤ የእኔ ጎረቤት ስስል ትሰማኛለች" አለች። "ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ሲባል አልሰማሽም? በይ ስሚኝ፤ እነዚህን ፍጡራን እንዲህ እርቃናቸውን እያየሁ አልኖርም፤ ከእትዬም አልጣላም። እስከ ቅዳሜ መላ ካላገኘሽላቸው ቅዳሜ ገበያ ይወጣሉ።"

ማክሰኞ ነበር። እናቴ አንድ ነገር ካለች አለች ነው። ሌሊት ተነሥቼ ውኃ ያሞቅሁላቸው፣ ሲያስነጥሱ ነጭ ሽንኩርት የፈጨሁላቸው፣ አሥራ ሁለቱንም በኮቴያቸው የምለያቸው ዶሮዎች ለማያውቃቸው ሰው እግራቸው ታስሮ ተዘቅዝቀው ሲሄዱ ታየኝ። ትምህርት ከጨረስሁ በኋላ ጀምሬ ያልተውሁት ነገር እነሱ ብቻ ነበሩ። አልሰጥም አልሁ፤ በልቤ።

ማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነበር፤ ማኅበሩ በእማማ ቤት ነው። እኔም ሒሳቤን ሠራሁ። ብቅሉ ከተፈጨ ቆይቷል፣ ጠላ ሆኖ ጋን ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ ሰሌኑ ላይ የሚበተን ነገር የለም። ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሁሉ ቤት ከገባ ደግሞ ጓሮ የሚያይ የለም። ለአንድ ሰዓት እለቃቸዋለሁ፤ ከእኛ ግቢ ሳይወጡ ጭረው፣ በልተው፣ ላባቸውን ረስተው ይገባሉ። ማታ ለእናቴ "ይኸው ለቀቅኋቸው፣ ምን ሆነ?" እላታለሁ። የብቅል መጨረሻው ምን እንደሆነ ግን ረሳሁ። ጠላ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ይህን ይረሳል?

ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል በሩን ከፈትሁ። አንዷም አልወጣችም። አሥራ ሁለቱም ደፉ ላይ ተደርድረው ግቢውን ያያሉ፤ ልክ የተጠራችበትን እንደማታውቅ ተማሪ ዳይሬክተር ቢሮ በር ላይ።

"ውጡ እንጂ! ይኼ መሬት ነው።"

አንዷ አንድ እግሯን ሣር ላይ አሳረፈችና ፍም እንደረገጠ ሰው መልሳ አነሣችው። መጨረሻ ላይ እኔው ተንበርክኬ በአሥር ጣቴ መሬት ጫርሁላቸው። ትል ወጣ። አዩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ! እርስ በርሳቸው እየተረጋገጡ ወጡ። አንዷ ትሉን ይዛ ስትሮጥ አምስቱ ተከተሏት። ሌሎቹ አመድ መድፊያው ላይ ተኝተው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አፈር ታጠቡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተዘግተው ኖረው እንዲህ ማድረግ ማን አስተማራቸው? ብቻዬን ጓሮ ቆሜ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ ረጅም ዱላ ይዤ አጥሩ ሥር ተቀመጥሁ። የእናቴን መሐላ የማስጠብቀው እኔ ነኝ፤ አንዲትም አታልፍም። በአጥሩ ቀዳዳ ከእማማ ቤት የሚመጣውን ጫጫታ እየሰማሁ፣ ዓይኔን ከአጥሩ ሳልነቅል ብዙ ቆየሁ። ዶሮዎቹ ወደ እኔ አልመጡም። ጎበዞች አልሁ። በጣም ዝም ሲሉብኝ ዞር አልሁ።

አንዷ በጎኗ ወድቃለች። ሁለቱ ክንፋቸውን መሬት ላይ እየጎተቱ ይዞራሉ። አንዷ ሦስት እርምጃ ሄደችና በአፍጢሟ ተደፋች። የቀሩት ደግሞ አንገታቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ከድነው ቆመዋል።

ፈንግል!

ዶሮ ያረባ ሁሉ ይህን በሽታ ያውቀዋል፤ ጠዋት ይገባል፣ ማታ ቤቱን ባዶ ያደርጋል። የወደቀችውን አቅፌ፣ ዱላዬን ጥዬ፣ በእማማ በር ዘው አልሁ። ማኅበርተኛው ሁሉ ጽዋውን ይዞ ቀና አለ።

"እማዬ፣ ፈንግል ገብቷል! አለቁ!"

ቤቱ ተነቅሎ ወጣ። እናቴ ጓሮ ደርሳ አየቻቸውና ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ቶሎ ወንድ ጥሩ፣ ሳይሞቱ ይታረዱ!" አለች። ወዲያው ትዝ አላት። "ወይኔ! ቢታረዱስ ማን ይበላቸዋል? ጾም ነው!" አንዲት ማኅበርተኛ "ቋንጣ ይደረጉ" አለች። ሌላዋ "የዶሮ ቋንጣ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት። ገና ባልሞቱት ዶሮዎቼ ሬሳ ላይ ሁለቱ ሊጣሉ ነበር።

እናቴ የማኅበሩን ቄስ ነጠላ ያዘች። "አባ፣ እባክዎ ጸበል ይርጩልን።"

ቄሱ ጎንበስ ብለው እቅፌ ውስጥ ያለችውን ዶሮ አዩ። ዶሮዋም አንድ ዓይኗን ከፍታ አየቻቸው። ምንቃሯን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ። ደግመው አሸተቱ።

"ልጄ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "ይቺ ዶሮ እንደኛ ማኅበር ውላለች።"

"ምን አሉ አባ?"

"ሰክራለች ነው የምልሽ።"

ሁላችንም ዞር ብለን አየን። በሌላው ጥግ፣ የእማማ ጌሾ አጥሩን ተሻግሮ ካዘነበለበት ሥር፣ በእኛ ግቢ በኩል፣ ጠዋት ከጠላው የተጠለለ የአተላ ክምር ተደፍቷል። መሀሉ ተጭሮ ተቦርቡሯል፤ ዳር ዳሩ የዶሮ እግር ብቻ ነው። እኔ አጥሩን ስጠብቅ ጀርባዬን የሰጠሁት ለእሱ ኖሯል።

"አተላውን እዚህ ማን ደፋው?" አለች እናቴ።

እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ።

"ላም ነበራችሁ እኮ" አሉ በመጨረሻ።

"ላሟ ከተሸጠች ሁለት ዓመት ሆናት እትዬ!"

"እጄ ለምዶ ነዋ! እጅ ላም መሸጧን በምን ያውቃል?"

መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ናት። ከዚያ ቄሱ፣ ከዚያ ማኅበርተኛው ሁሉ፤ እማማ ራሳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከወደቁት ዶሮዎች አንዷ በጫጫታው ተነሥታ ልትንጠራራ ስትል እንደገና ወደቀች፤ ሳቁ እንደ አዲስ ተጀመረ። እኔ ግን ይህ ዕድል ሊያመልጠኝ እንደማይገባ አወቅሁ።

"አባ" አልሁ፣ "እናቴ ዶሮ አጥር አያልፍም ብላ በእመቤታችን ስም ምላለች። ካልተለቀቁ ቅዳሜ ይሸጣሉ። አሁን አጥር ያለፈው ማነው፣ ዶሮ ነው አተላ?"

"አንቺ ባለጌ!" አለች እናቴ። ቄሱ ግን እጃቸውን አነሡ።

"ዶሮ አላለፈም፤ አተላ ነው ያለፈው። ግን ስለ ዶሮ ብለሽ በስሟ በመማልሽ አንቺም ጥፋት አለብሽ" አሏት እናቴን። "አርባ ስግደት ስገጂ፤ መሐላውን እኔ ፈትቼዋለሁ። ከእንግዲህ የባለ ብቅሏ ፈቃድ ነው።" ወደ እማማ ዞሩ። "ምን ትያለሽ?"

ለካ መሐላው ሲፈታ ነገሩ ሁሉ እማማ አፍ ላይ ወደቀ። እኔ ዶሮዬን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ዝም አልሁ። በሕይወቴ እንዲያ ዝም ብዬ አላውቅም።

እማማ ጌሾአቸውን አዩ፣ እኔን አዩ። "ብቅሌን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የማስገባው" አሉ። "ከዚያ በኋላ ይለቀቁ። ጌሾዬንም ትል በልቶታል፣ መጥተው ይልቀሙልኝ። አንድ ደቂቃ ቀደም ብለሽ ብትለቂያቸው ግን፣ አንቺን ነው የምዘጋው።"

እጃቸውን ስሜ ሮጥሁ፤ አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ አቅፌ ቤታቸው አስገባሁ። አንዷ ክንዴ ላይ አንኮራፋች፤ ዶሮ አታንኮራፋም ብትሉ አልከራከርም።

ሐሙስ እስከ ቀትር ተኙ። ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የእማማ ሰሌን መጠቅለሉን በአጥር ቀዳዳ አይቼ ለቀቅኋቸው። እማማ ከአጥሩ ሁለት እንጨት ነቅለው ነበር፤ በዚያ እየተሽሎኮለኩ ጌሾው ሥር ገቡ። የማንንም ላባ ያየ አልነበረም፤ ጊዜ የላቸውማ። ቅዳሜ እናቴ ገበያ ወጣች፤ ባዶ ዘንቢል ይዛ ሄዳ፣ ሽንኩርትና ጨው ሞልታው ተመለሰች። ስለ ዶሮ አንድ ቃል አልተናገረችም። እኔም አላስታወስኋት።

የዚያን ዕለት ሲመሽ ስቆጥራቸው አሥራ አንድ ሆኑ። ጌሾውን፣ አመዱን፣ የእንጨት ክምሩን አሰስሁ፤ የለችም። በመጨረሻ ወደ እማማ ቤት ገባሁ። እማማ ከጓዳ በር ጎንበስ ብለዋል፤ ፊት ለፊታቸው ገለባ የተጎዘጎዘበት እንቅብ፣ እንቅቡ ውስጥ ዶሮዬ።

"እማማ፣ ዶሮዬን።"

"ዝም በይ፣ ታስደነግጫታለሽ። ልትጥል ነው።"

"በዚህ ሰዓት ዶሮ አይጥልም።"

"በአንቺ ቤት ነው የማይጥለው።"

"ጾም ነው እኮ፤ እንቁላሉ ምን ያደርግልዎታል?"

"የገና በዓል መምጣቱ ይቀራል እንዴ? ደግሞ የእኔን ትል በልታ የጣለችው የእኔ ነው። የክርስትና ልጄ አንድ እንቁላል ልትሰስትብኝ ነው?"

መልስ ነበረኝ፤ ዋጥሁት። እንቅቡ አጠገብ ቁጢጥ አልሁና ሁለታችን እሷን እያየን ጠበቅን። ዶሮዋ ብዙ አሰበች። ከዚያ ተነሣች፣ ላባዋን አራገፈች፣ ወርዳ ሄደች። እማማ ገለባውን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አድርገው ፈለጉ። ምንም የለም።

"ነገም ትምጣ" አሉ።