የሸዋረገጥ ሮቶና የዙቤይዳ አቦካዶ

ጅማ ላይ ዝናብ ለማጠራቀም ገንዘብ ማውጣት ለዓሣ ጃንጥላ እንደመግዛት ነው ብለን የሳቅነው ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው ነበር። የበቾ ቦሬ ሰፈሯ ሸዋረገጥ የዕቁብ ዕጣዋ ወጥቶላት ሶፋ ትገዛለች ስንል፣ በጋሪ ተጭኖ የመጣው ሮቶ ነው፤ ያ ጥቁሩ የፕላስቲክ የውሃ ማጠራቀሚያ። ጋሪው ደጃፏ ሲቆም ግማሹ ሰፈር ወጥቶ አየ። ሌላው ግማሽ ቀድሞ ሰምቶ ስለነበር መውጣት አላስፈለገውም።

ሸዋረገጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ሰው ሲያወራላት እንኳ ጣቶቿ ጉልበቷ ላይ ይጽፋሉ። ባሏ ለይኩን ቡና ሊገዛ አጋሮ ሄዶ ሚስት አግብቶ እዚያው ቀረ፤ ቡናውንም አልላከም። ከዚያ ወዲህ ከማንም ምንም አለመለመንን እንደ ጾም ይዛዋለች። ጨው ቢያልቅባት ወጡን ያለ ጨው ትበላለች እንጂ የጎረቤት በር አታንኳኳም።

በዚህ ጾም ውስጥ ፍስክ የነበረው ውሃ ብቻ ነው። የሰፈሩ ቧንቧ ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ሳምንት ይጠፋል። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤቷ ዙቤይዳ ደግሞ ግቢዋ ውስጥ ጉድጓድ አላት። ውሃ አይከለከልም፤ ሸዋረገጥም ለዓመታት ባልዲዋን አንጠልጥላ ስትገባ ስትወጣ ዙቤይዳ አንድ ቀን ፊቷን አልቋጠረችም። ነገሩ የተበላሸው በቀልድ ነው። ዙቤይዳ ሠርግ ቤት ተቀምጣ፣ «የሸዋረገጥ ባልዲ እኮ ቤተኛ ሆኗል፤ ብቻውን ብትልከውም መንገዱን አያጣውም» አለች። ሰው ሳቀ። ለጢፋም ሳቀች። ለጢፋ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ናት፤ ሽንኩርት ለገዛ ሰው ወሬ ትመርቃለች። በማግስቱ ሸዋረገጥ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት ገዛች።

አልተጣላችም። ባልዲዋን ወጥ ቤት ደፍታ አስቀመጠችና የዙቤይዳን ደጅ መርገጥ ተወች። ሮቶው የመጣው ብዙም ሳይቆይ ነው።

ሥራውን የያዘው ታመነ ነበር፤ ከወላይታ መጥቶ ጅማ የከረመ ቆርቆሮ ሠሪ። ከታች የድንጋይ መደብ ሠርቶ፣ አሸንዳውን በጣሪያው ጠርዝ ሰቅሎ፣ ቱቦውን ወደ ሮቶው አውርዶ ሲያበቃ ቀና ብሎ ተመለከተ። የዙቤይዳ አቦካዶ ትልቁ ቅርንጫፉ አጥሩን ተሻግሮ የሸዋረገጥ ቆርቆሮ ላይ ተኝቷል።

«እትዬ ሸዋረገጥ፣ ይሄን ነገር ያስቆርጡት። ቅጠሉ አሸንዳውን ይሞላዋል።»

«ዛፉ የኔ አይደለም።»

«እኮ፣ ይጠይቋቸዋ።»

«አንተ አሸንዳህን ሥራ።»

«እሱንማ ሠራሁ» አለ ታመነ። «እንግዲህ በሞላ ቁጥር ይጥሩኝ። እኔ ከሥራ አልሸሽም።»

ግንቦት ላይ ዝናቡ ሳይሰስት መጣ። የመጀመሪያው ውሃ ቱቦው ውስጥ ሲንዶቀዶቅ ሸዋረገጥ በርጩማ አውጥታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ አዳመጠች። በዚያ ሳምንት የቆሸሸውንም ያልቆሸሸውንም አጠበች። መጋረጃ አጠበች፤ የታጠበውን መጋረጃ ደግማ አጠበች። እጣቢውን የምትደፋው ከዙቤይዳ አጥር ሥር ነበር። ድምፁ ማዶ እንዲሰማ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አላልኩም።

የሮቶው ዋጋ መታየት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጠሉ አሸንዳውን ሞላ፤ ታመነ ተጠራ፣ ተከፈለው። ወፎች ቅርንጫፉ ላይ እያደሩ ቆርቆሮውን አበላሹት፤ ታመነ ተጠራ፣ ተከፈለው። ለመውጣት መሰላል ያስፈልገዋል፤ በሰፈሩ ረጅም መሰላል ያለው ደግሞ የዙቤይዳ ባል ሸኩር ብቻ ነው። ታመነ በመንገድ ዞሮ ይዋሳል፤ ለማን እንደሆነ አይናገርም፤ ሸኩርም አይጠይቅም። የገዛ መሰላሉ ጫፍ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ሲል ግን ሻዩን ይዞ ቁጭ ብሎ ያየዋል። ሸዋረገጥ መሰላሉ በበሯ ሲገባ ፊቷን ታዞራለች። ያላየችውን አልተዋሰችም።

ፍሬው ሲደርስ ባሰ። አቦካዶው ቆርቆሮው ላይ ዷ ይልና ተንከባሎ አሸንዳው ውስጥ ይወሸቃል። እንዳትበላው የሰው ነው፣ እንዳትመልሰው በር ማንኳኳት ሊኖር ነው። ስለዚህ በአጥሩ ላይ ወደ ማዶ ትወረውረዋለች። «ሸዋረገጥ ዙቤይዳን በአቦካዶ ትደበድባለች» የሚለው ወሬ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ድረስ ሄዷል። ዙቤይዳ በበኩሏ የተወረወረውን ለቅማ፣ ያልፈረጠውን መርጣ፣ አጥሩ ጫፍ ላይ ወደ ሸዋረገጥ ቤት አዙራ ትደረድረዋለች። ሸዋረገጥ እሱንም ትወረውረዋለች።

የነሐሴ ማርያም የማኅበሩ ተራ የሸዋረገጥ ነበር። ለይኩን ከሄደ ወዲህ ቤቷ ሰው በተጠራ ቀን አንድ ነገር ጎድሎባት አያውቅም፤ እንዳይጎድል የምትለፋውን ሁሉም ያውቃል። ጠላ ልትጠነስስ የሮቶውን ቧንቧ ስትከፍት ግን የወረደው ውሃ ራሱ ጠላ መሰለ፤ ቡናማ፣ የበሰበሰ ቅጠል የሚሸት። የሰፈሩ ቧንቧ ከጠፋ ሰንብቷል። ጠላ የሌለው ማኅበር ነውር ነው። ከዚህ የባሰ ነውር ለሷ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአጥሩ ማዶ ነው።

ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ባልዲውን አልያዘችም።

ዙቤይዳ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው እጇን ነው።

«ባልዲሽስ?»

«ለውሃ አልመጣሁም» አለች ሸዋረገጥ። «ቅርንጫፍሽ ጣሪያዬ ላይ ነው። ለሱ ነው።»

«ከግንቦት ጀምሮ ስጠብቅሽ። ዛሬ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልን ሸኩር መጥረቢያውን ስሎ ስሎ ሊጨርሰው ነው።»

«እና ለምን አልቆረጠውም?»

«ሳትጠይቂን? የሰው ጣሪያ ላይ ወጣ ይባልልኝ?» ዙቤይዳ ክንዷን ይዛ አስገባቻት። «ደግሞ ዛሬ ቢቆረጥ ለማርያም ውሃ ያደርስልሻል?»

«ስለ ማርያም ማን ነገረሽ?»

«ለጢፋ።»

ሸዋረገጥ ዓይኗን ወደ ጉድጓዱ መለሰች።

«ባልዲሽን አምጪና ቅጂ፣ ማሎ፣ እባክሽ» አለች ዙቤይዳ። «ለምን እንደሆነ ግን አትንገሪኝ። እኔ የምሰጥሽ ውሃ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ አንቺን ይጠይቅ። ቅርንጫፉንም ሸኩር ይቆርጠዋል። በነፃ ግን አይደለም።»

«ስንት?»

«የምን ስንት ነው። የኛ ጉድጓድ ውሃው ቀይ ነው፣ ነጭ ልብስ አይወድም። ሸኩር ለጁምዓ ጀለቢያውን ለብሶ ሲወጣ ጭቃ ሲያቦካ የዋለ ነው የሚመስለው። ያንቺ የዝናብ ውሃ ሲጠራ በየሐሙሱ አንድ ባልዲ ትሰጪኛለሽ።»

የሸዋረገጥ ጣቶች ነጠላዋ ጫፍ ላይ መጻፍ ጀመሩ።

«ባልዲሽ መንገዱን ያገኘዋል?» አለች።

የዙቤይዳ ሳቅ ፊቷ ላይ ቀረ። «ለጢፋ ናት?» አለች።

«ለጢፋ ናት።»

«ወላሂ ለክፉ አልነበረም። የኛው ሰው ናት ማለቴ ነበር። ምናለ ያኔ መጥተሽ ብትጠይቂኝ?»

«ያኔ ብጠይቅሽማ ሶፋ እገዛ ነበር።»

ሸኩር በማግስቱ ወጥቶ ቆረጠው። ከዛፉ ሁሉ አብልጦ የሚያፈራው ያ ቅርንጫፍ ኖሯል፤ በቀጣዩ ዓመት የዙቤይዳ አቦካዶ ከገበያ አልፎ ለቤትም አነሰ። ይህንንም ሐሙስ ሐሙስ ባልዲዋን ይዛ በመጣች ቁጥር ታነሳዋለች። ሸዋረገጥ እየሰማች ትሞላላታለች። ሽንኩርት ሊገዙም አሁን ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ለጢፋ ምርቃቷን ቀንሳለች። ሸዋረገጥ ቤት እንግዳ ሲመጣ ግን እስከ ዛሬ የሚቀርብለት በርጩማ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሮቶ በሰፈሩ በዛ። ልግዛ የሚል ሰው ሁሉ ስንት እንደፈጀባት ሊጠይቅ እሷ ዘንድ ይመጣል። እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ፣ «ጣሪያህ ላይ የማን ዛፍ ነው ያለው?» ትለዋለች።