የቴባን ካኩቻባ

ካሚሎ በደሴታችን ከባሕሩ ዳር መረብ እየጠገነ የሚኖር፣ ከአፉ ክፉ ቃል የማይወጣ ሰው ነው። ጓደኛው ቴባን ከእስር ሊፈታ ነው የሚል ወሬ ከሰማ ወዲህ ግን መርፌው ጣቱን እየወጋው ሥራ አልገፋ አለው።

ከሰባት ዓመት በፊት ሁለቱ በአንድ ታንኳ ወጥተው፣ ክልክል መሆኑን ልቅም አድርገው እያወቁ፣ በፈንጂ ዓሣ ሊያጠምዱ ሄዱ። የቀዘፈው ቴባን፣ ፈንጂውን ለኩሶ የወረወረው ካሚሎ ነበር። የጠባቂዎቹ ጀልባ ብቅ ሲል ካሚሎ ባሕሩ ውስጥ ዘሎ በዋና አመለጠ። ቴባን ተያዘ። «ካኩቻባህ ማነው?» ብለው ሲያፋጥጡት «ማንም የለም» አለ፤ በዚያው ጸና።

ካኩቻባ ግብረ አበር ማለት ነው። ጡረታ የወጡት መምህርት ሎሌንግ እንደሚሉት፣ ቃሉ በስፔኖች መርከብ የመጣ ነው፤ እነሱ ዘንድ ትርጉሙ ተማክሮ ተንኮል መሥራት ነበር። የእኛ ሰዎች ግን ከፊቱ «ካ» ጨመሩበት፤ ወንድምን፣ ጓደኛን፣ ጎረቤትን ስንጠራ የምናስቀድማትን ያችኑ «ካ»። የባዕድ ተንኮል መጥቶ ዘመድ ሆኖ ቀረ እላለሁ እኔ።

ካሚሎ ይህን ሁሉ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ከዚያ ቀን ወዲህ ታንኳ ላይ አብሮት የሚቀመጥ ሰው አለመኖሩን ነው። ቴባን ናፈቀው፣ በጣም ናፈቀው። አንድ ጊዜ ደረቅ ዓሣ ጠቅልሎ እስር ቤቱ በር ድረስ ሄዶ ነበር። ዘበኛው መዝገቡን ገልጦ «የእስረኛው ምኑ ነህ?» አለው። አበልጁ ነኝ ቢል ይበቃው ነበር፤ የቴባንን ሴት ልጅ ክርስትና ያነሣት እሱ ነው። አፉ ላይ የመጣው ግን ያ ሌላው ቃል፣ «ካኩቻባው»፣ ሆነና ደንግጦ ዓሣውን እንደታቀፈ ተመለሰ። ሞኝ! ለማንም አልተናገረም፣ ዳግመኛም አልሄደም።

ቴባን የተፈታ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢው ተሰበሰበ። የኮኮናት አረቄ ቀረበ። እኛ ዘንድ ብርጭቆው አንድ ነው፤ ቀጂው እየሞላ በተራ ያዞረዋል፣ የሚዘለል የለም። የዚያን ዕለት ቀጂው ራሱ ቴባን ሆነ።

«አሁን እንኳ ንገረና!» አለ ነገረኛው ዶሪንግ። «ካኩቻባህ ማን ነበር?»

«ብቻዬን ነበርኩ አልኩ እኮ።»

ካሚሎ ብድግ አለ።

«እኔ ነበርኩ» አለ። «ፈንጂውን የወረወርኩት እኔ ነኝ። አበልጄ፣ ንገራቸው እንጂ!»

ቴባን ጠርሙሱን እንደያዘ ትኩር ብሎ አየው።

«አንተ?» አለ። «ተው እንጂ ካሚሎ። ካኩቻባ ቢኖረኝማ በሰባት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ብቅ ይል ነበር።»

«ተራው ገና ሳይደርሰው ሰከረ!» ብሎ ዶሪንግ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ካሚሎ ስለ ዘበኛው፣ ስለ ደረቁ ዓሣ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን አሁን ማን ያምነዋል? ቁጭ አለ።

ተራው ሲደርስ ቴባን ብርጭቆውን ሞልቶ ሰጠው፤ ለሌላው ሰው ሁሉ እንደሰጠው፣ አላጎደለበትም አልጨመረለትም። ካሚሎ ጠጥቶ ባዶውን መለሰ። ቴባን ተቀበለውና ለሚቀጥለው ሰው ቀዳ።