የእናቴ ባርኔጣ የትኛው ነው?

ያሳደጉኝ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ካረፉ ሁለት ወር ሆነ። ሰቆጣ ገበያ በወጡ ቁጥር ዓይናቸው የሚያርፈው በሰው ራስ ላይ ነበር። በስንደዶ የተሰፋ ጥሩ የድሮ ባርኔጣ ካዩ ባለቤቱን ተከትለው፣ ለምነው ይገዙታል። ቤት ሲገቡ ገልብጠው ስፌቱን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ይቺ የእገሊት እጅ ናት» ይላሉ።

ግድግዳው ላይ ከሰቀሏቸው አሥራ አንድ ባርኔጣዎች አንዱን የሰፋችው እናቴ ናት። እሷን አላውቃትም፤ እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየች።

«ነይ ልጄ፣ የእናትሽን እጅ ላሳይሽ» ይሉኝ ነበር ደጋግመው። እኔ ሁሌም ጥድፊያ ላይ ነኝ። ለመጨረሻ ጊዜ ሲጠሩኝም በር ላይ ቆሜ፣ «ጋሼ፣ ቢሮ ረፈደብኝ፤ እሑድ ያሳዩኛል» አልኳቸው።

«እሺ፣ እሑድ ይሁን» አሉ። እሑድ ሳይደርስ አረፉ።

ሐዘኑ ሲያበቃ ከጋዝጊብላ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ የልብ ወዳጃቸው፣ «ለመታሰቢያ አንዱን ስጪኝ» አሉኝ። ይገባቸው ነበር። አንዱን አውርጄ ገለበጥኩት፤ ስፌቱን ዳሰስኩት። ሌላውንም እንዲሁ። ጣቴ ምንም አልነገረኝም። የእናቴን እንዳልሰጥ ፈርቼ፣ ሽማግሌውን ባዶ እጃቸውን ሸኘኋቸው።